የመምህራን ባልደረባ፦ የዣን ባፕቲስት ደ ላሳል ሕይወትና ሥራ

በዛሬው የትንሣኤ በዓል ገጻችን የአንድ ታላቅ መምህር የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ታሪካቸውን የምንተርክላቸው ሰው በቀዳም ሥዑር ዕለት ማዕረገ ቅስና ተቀብለው፣ ከ41 ዓመታት በኋላ በዕለተ ስቅለት ያረፉ ናቸው። በሕይወታቸው እጅግ የከበደው ፈተና የተፈታውም በትንሣኤ ዕለት በተጻፈ አንድ ደብዳቤ ነበር። ስለዚህ ታሪካቸውን በዚህ በዓል ማስታወሱ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

በብዙ አገሮች በሚገኙ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ዘመኑ ሲፈጸም ሁለት ወገኖች በአንድ መድረክ ላይ ሲከበሩ ይታያል። አንደኛው ወገን በትምህርታቸው የበረቱ ተማሪዎች ናቸው። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ለረጅም ዘመን በአንድ ሰሌዳ ፊት ቆመው ያስተማሩ፣ ጠጉራቸው በማስተማር የሸበተ መምህራን ናቸው። ትጉህ ተማሪና ጽኑ መምህር ጎን ለጎን የሚከበሩበትን ይህን ልማድ ስንመለከት፣ ከሦስት መቶ ዓመታት በፊት ለሁለቱም ክብር ሲሉ የራሳቸውን ክብር የተዉ አንድ ፈረንሳዊ ካህን ትዝ ይሉናል። እኚህም ካህን ዣን ባፕቲስት ደ ላሳል ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲያስተውሉልን እንጠይቃለን።

የባለጸጋ ቤት ልጅ

ደ ላሳል ኤፕሪል 30 ቀን 1651 የፈረንሳይ ነገሥታት ዘውድ በሚጭኑባት በሬምስ ከተማ ተወለዱ። ስማቸው በእኛ ቋንቋ ዮሐንስ መጥምቅ ማለት ነው። አባታቸው ሉዊ ደ ላሳል በንጉሡ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ እናታቸው ኒኮል ሞኤም ከታወቀ ባለጸጋ ቤተሰብ የተገኙ እመቤት ነበሩ። ከተወለዱት 11 ልጆች መካከል ለአካለ መጠን የደረሱት 7 ሲሆኑ፣ የሁሉም በኩር ዣን ባፕቲስት ነበሩ።

ብላቴናው ገና 11 ዓመት ሳይሞላቸው ለክህነት ተለዩ። በ15 ዓመታቸው ደግሞ ጃንዋሪ 7 ቀን 1667 በሬምስ ካቴድራል የካህናት ጉባኤ አባልነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ይህ ማዕረግ ካኖን ይባላል። ካኖን የሆነ ሰው በካቴድራሉ ጸሎት ላይ በከበረ ወንበር ይቀመጣል፤ ዕድሜ ልኩንም የማይቋረጥ ገቢ ያገኛል። ብዙዎች ወደ ጵጵስና የወጡት በዚሁ ደረጃ ላይ ተረማምደው ስለነበር፣ የደ ላሳል የወደፊት ኑሮ ከወዲሁ የተደላደለ ይመስል ነበር።

በ1670 በፓሪስ ወደሚገኘው የሴን ሱልፒስ የካህናት ማሠልጠኛ ገቡ። ይሁን እንጂ በዚያ ብዙ ሳይቆዩ ሐዘን ተከታትሎ መጣባቸው። በጁላይ 1671 እናታቸው፣ በኤፕሪል 1672 ደግሞ አባታቸው አረፉ። ያን ጊዜ ደ ላሳል ገና 21 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ሬምስ ተመልሰው ለታናናሾቻቸው አባትም እናትም ሆኑ፤ የቤቱን ንብረትና ሒሳብ ተረክበው አስተዳደሩ። በዚህ ሁሉ መካከል ትምህርታቸውን ቀስ በቀስ ቀጥለው ኤፕሪል 9 ቀን 1678፣ በቀዳም ሥዑር ዕለት፣ ቅስና ተቀበሉ። በ1680ም በነገረ መለኮት የዶክተርነት ማዕረግ አገኙ።

የድሆች ልጆችና የተናቁ መምህራን

በዚያ ዘመን በፈረንሳይ ከተሞች የባለጸጎች ልጆች በየቤታቸው መምህር ይቀጠርላቸው፣ ወይም ወደ ታላላቅ ኮሌጆች ይላኩ ነበር። የእጅ ጥበብ ሠራተኞችና የድሆች ልጆች ግን አብዛኛውን ጊዜ በየጎዳናው ይውሉ ነበር። ለድሆች የሚከፈት ትምህርት ቤት ቢገኝም ዕድሜው አጭር ነበር። ምክንያቱም የሚያስተምሩት ሰዎች ራሳቸው ጥቂት የተማሩ፣ ደመወዛቸው ለዕለት ጉርስ የማይበቃ፣ የተሻለ እንጀራ ሲያገኙ ወዲያው ጥለው የሚሄዱ ስለነበሩ ነው። የድሆችን ልጆች ማስተማር ሰው ሌላ ሥራ ሲያጣ የሚይዘው እንጂ ዕድሜውን የሚሰጠው ሙያ ተብሎ አይቆጠርም ነበር።

ደ ላሳል ወደዚህ ነገር የገቡት አስበውበት አልነበረም። በ1679 አድሪያን ኒዬል የተባሉ በዕድሜ የገፉ ሰው ለድሆች ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ለመክፈት ከሩዋን ከተማ ወደ ሬምስ መጡ። የላኳቸው የደ ላሳል ዘመድ የሆኑ አንዲት ባለጸጋ ሴት ነበሩ። ደ ላሳልም እንግዳውን በቤታቸው ተቀብለው ምክር ሰጧቸው፤ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ሁለተኛው ተከተለ። ደ ላሳል እርዳታቸው በዚህ የሚያበቃ መስሏቸው ነበር።

ነገር ግን ኒዬል ትምህርት ቤት ለመክፈት እንጂ የተከፈተውን ለማጽናት ትዕግሥት አልነበራቸውም። መምህራኑ ያለ ሰብሳቢ ቀሩ። ደ ላሳል በመጀመሪያ ቤት ተከራዩላቸው፤ ቀጥሎም ወደ ማዕዳቸው አቀረቧቸው። በመጨረሻም ጁን 24 ቀን 1681፣ በምዕራባውያን አቆጣጠር የመጥምቁ ዮሐንስ ልደት በሚከበርበት ዕለት፣ መምህራኑን በአባቶቻቸው ቤት እንዲኖሩ አስገቧቸው።

ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ይህ ቀላል የደግነት ሥራ ሊመስለን ይችላል። ለዚያ ዘመን ሰው ግን ነውር ነበር። ደ ላሳል ራሳቸው በኋላ ዘመን በጻፉት ማስታወሻ እንደገለጹት፣ በመጀመሪያ እነዚያን መምህራን ከቤታቸው አሽከር በታች አድርገው ይቆጥሯቸው ነበር። ከእነርሱ ጋር በአንድ ጣራ ሥር የመኖር አሳብ እንኳን ሊሸከሙት የማይችሉት ነገር ነበር። እንግዲህ የተናቁትን ወደ ማዕዳቸው ከማቅረባቸው በፊት በልባቸው ያለውን ንቀት ማሸነፍ ነበረባቸው ማለት ነው።

ዘመዶቻቸው በዚህ ነገር እጅግ ተቆጡ። የዳኛው ቤት የመንገደኞች ማደሪያ ሆነ ብለው ወቀሷቸው። በመጨረሻም ደ ላሳል ያሳድጓቸው ከነበሩት ታናናሽ ወንድሞቻቸው ከፊሎቹ ተወስደው ለሌላ ዘመድ ተሰጡ። እናትና አባታቸውን በአንድ ዓመት ውስጥ ያጡት ሰው አሁን ደግሞ ቤተሰባቸው ሲበተን አዩ። ይሁንና አልተመለሱም። በ1682 ቤታቸውን ትተው ከመምህራኑ ጋር በአንድ ተራ ሠፈር ውስጥ በተከራዩት ቤት መኖር ጀመሩ።

ማዕረግን የመተው ፈተና

በአዲሱ ቤት ሌላ ፈተና ጠበቃቸው። መምህራኑ ስለ ነገ ይጨነቁ ነበር፤ ብንታመም ማን ይጦረናል፣ ብናረጅስ ወዴት እንወድቃለን ይሉ ነበር። ደ ላሳል የሰማይ ወፎችንና የሜዳ አበቦችን እየጠቀሱ በእግዚአብሔር ቸርነት እንዲታመኑ መከሯቸው። መምህራኑ የሰጡት መልስ ግን እውነተኛና መራራ ነበር። እርስዎ ባለጸጋ ነዎት፣ የካቴድራሉ ገቢም አለዎት፣ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ እርስዎ ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ፤ እኛ ግን ወደ መንገድ እንወጣለን የሚል ነበር።

ደ ላሳል ይህን ሰምተው ዝም አሉ፤ ቃሉ ልባቸውን ነክቶታልና። ጠግቦ የሚያድር ሰው ለተራበ ስለ ትዕግሥት ሊሰብክ እንደማይገባው ተረዱ። ምክር ፍለጋ ወደ ፓሪስ ሄደው ለድሆች ትምህርት የደከሙትን መነኩሴ ኒኮላ ባሬን ጠየቁ። ባሬም ሁሉን እንዲተዉ መከሯቸው። በ1683 ደ ላሳል ካኖንነታቸውን ለቀቁ። ዘመዶቻቸው ማዕረጉ ቢያንስ ለታናሽ ወንድማቸው እንዲተላለፍ ይጠብቁ ነበር፤ እርሳቸው ግን ለአንድ ድሃ ካህን ሰጡት።

የቀረው የግል ሀብታቸው ነበር። ይህን ገንዘብ ለትምህርት ቤቶቹ መሠረት ቢያደርጉት መምህራኑ ከሥጋት ይድኑ ነበር፤ ብዙዎችም ይህን መከሯቸው። ደ ላሳል ግን በገንዘብ የቆመ ማኅበር በገንዘብ ይወድቃል ብለው ፈሩ። በዚያው ጊዜ በሻምፓኝ አውራጃ ጽኑ ረሀብ ገባ። በ1684 እና በ1685 መካከል በነበረው ክረምት ሀብታቸውን እንጀራ እየገዙ ለተራቡት አከፋፈሉ። ረሀቡ ሲያልፍ ደ ላሳል ከመምህራኑ እንደ አንዱ ሆነው ቀሩ። ከዚያ በኋላ ስለ ነገ መታመን ሲናገሩ የሚመልስላቸው አልተገኘም።

መምህራኑም የቀድሞውን መጠሪያቸውን ትተው እርስ በርሳቸው ወንድሞች መባባል ጀመሩ። ጥቁር ሸካራ ቀሚስ ለበሱ፣ ወፍራም ጫማ ተጫሙ። በሬምስ መንገዶች ላይ ሲያልፉ የሚሳለቁባቸው፣ ጭቃም የሚወረውሩባቸው ነበሩ። የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ወንድሞች የተባለው ማኅበር እንዲህ ባለ ውርደት ውስጥ ተወለደ። በዚያው በ1685 ደ ላሳል ለገጠር መምህራን ማሠልጠኛ በሬምስ ከፈቱ፤ ይህም በአውሮፓ ከታወቁት የመጀመሪያዎቹ የመምህራን ማሠልጠኛዎች አንዱ ነበር።

በሰሌዳው ፊት

ደ ላሳልና ወንድሞቻቸው በክፍል ውስጥ ያመጡት ለውጥ የሚናቅ አይደለም። ቀድሞ መምህሩ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠራ ያስነብብ ነበር፤ ሌሎቹ ያለ ሥራ ይቀመጡ ነበር። በእኛም አገር በየኔታ ዙሪያ የተሰበሰቡ ሕፃናት በየተራ እየቀረቡ እንደሚያነቡ አንባቢያን ያውቃሉ። ልዩነቱ በእኛ ዘንድ የቀደመው ልጅ የኋለኛውን ማስተማሩ ነው። ደ ላሳል ልጆቹን በዕውቀታቸው ደረጃ ከፋፍለው፣ በአንድ ክፍል ያሉት ሁሉ አንድ መጽሐፍ ይዘው፣ አንዱ ሲያነብ ሌሎቹ በዓይናቸው እንዲከተሉ አደረጉ። በዚህ መንገድ አንድ መምህር ብዙ ልጆችን በአንድ ጊዜ ማስተማር ቻለ።

ሁለተኛው ለውጥ የቋንቋ ነበር። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ ልጆች ንባብ የሚጀምሩት በላቲን ነበር። ላቲን ለእነርሱ ግእዝ ለእኛ ሕፃናት እንደሆነው ሁሉ የተከበረ የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ነው፤ የቤት መነጋገሪያ ግን አይደለም። ደ ላሳል ልጆቹ አስቀድመው በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲያነቡ ወሰኑ። የድሃ ልጅ ብዙ ዓመት በትምህርት ቤት አይቆይም፤ ላቲኑን ሳይጨርስ ከወጣ ፈረንሳይኛውንም ሳያውቅ ይቀራል፤ በቋንቋው ካነበበ ግን ቀሪ ዘመኑን የሚጠቅም ዕውቀት ይዞ ይሄዳል ሲሉ አስረዱ።

ስለ ተማሪዎች ሽልማት የደነገጉት ሥርዓት ደግሞ ለዛሬው ርእሳችን ዋናው ነው። የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አመራር በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ ሽልማት በሦስት ምክንያት እንዲሰጥ ታዟል። እነዚህም መንፈሳዊነት፣ ችሎታና ትጋት ናቸው። የሽልማቱ ዓይነት መጻሕፍት፣ ቅዱሳት ሥዕሎች፣ ከጄሶ የተሠሩ መስቀሎችና የእመቤታችን ምስሎች፣ መቁጠሪያዎችም ነበሩ። ሥርዓቱን ልዩ የሚያደርገው ግን የሽልማቱ ደረጃ ነው። ከሁሉ የሚበልጠውና የሚያምረው ሽልማት በመንፈሳዊነት ለታወቀው ልጅ ይሰጣል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ለትጉሁ ነው። የባለ ችሎታው ሽልማት በሦስተኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

ይህ ድንጋጌ ለምን እንደዚህ ሆነ ብለን ስንጠይቅ መልሱን በልጆቹ ኑሮ ውስጥ እናገኘዋለን። እነዚያ ልጆች ጠዋት ከትምህርት ቤት ከመድረሳቸው በፊት ከረሀብና ከብርድ ጋር ይታገሉ ነበር፤ ወላጆቻቸውም ለሥራ ሊያስቀሯቸው ይፈልጉ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ በየቀኑ በሰዓቱ መገኘት ብቻውን ትልቅ ድል ነበር። ፈጣን አእምሮ ልጁ ሲወለድ ይዞት የሚመጣው ሀብት ነው፤ ትጋት ግን በየማለዳው እንደገና የሚመረጥ ነገር ነው። ደ ላሳል ያከበሩት ልጁ የመረጠውን ነው። በዚህም ምክንያት ከክፍሉ መጨረሻ የሚቀመጠው ዘገምተኛ ልጅ እንኳን ለመሸለም ተስፋ ነበረው።

ልጅ ከትምህርት ቤት ሲቀር መምህሩ ምክንያቱን እንዲመረምር፣ ወላጆቹንም እንዲያነጋግር መጽሐፉ ያዝዛል። ማንበብና መጻፍ ያልቻለ ሰው ለማናቸውም ሥራ እንደማይፈለግ ለወላጆቹ እንዲያስረዳ ይመክራል። በዓመቱ መጨረሻም መምህሩ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ጠባይ፣ ስለ መልካም ጎኑና ስለ ድካሙ ጽፎ ለሚቀጥለው መምህር እንዲያስረክብ ተደንግጓል። ስለዚህ የድሃ ልጅ በብዛት ውስጥ የሚጠፋ ቁጥር ሳይሆን በስሙና በጠባዩ የሚታወቅ ሰው ሆነ።

መጽሐፉ የተዘጋጀበትም መንገድ መምህራንን የሚያስከብር ነበር። ደ ላሳል የነገረ መለኮት ዶክተር ቢሆኑም ብቻቸውን ተቀምጠው አልጻፉትም። በማስተማር ብዙ ዘመን ያሳለፉትን፣ በሥራውም የተፈተኑትን ወንድሞች ደጋግመው ሰብስበው እየተወያዩ፣ የተወያዩበትንም ለዓመታት በክፍል ውስጥ እየፈተኑ ያዘጋጁት ነበር። መጽሐፉ የታተመው ካረፉ በኋላ፣ በ1720 በአቪኞ ከተማ ነው።

የሦስቱ ሰዎች ስእለት

በ1688 ደ ላሳል ወደ ፓሪስ ተሻግረው በሴን ሱልፒስ አጥቢያ ትምህርት ቤት ተረከቡ። ሥራው ሲሰፋ ድካሙም በዛ። ከወንድሞች መካከል ገና በወጣትነታቸው የሞቱ ነበሩ፤ ጥለው የሄዱም ነበሩ። ለክህነት አዘጋጅተው ተተኪያቸው ሊያደርጉት ያሰቡት ወንድም አንሪ በድንገት አረፈ። ደ ላሳል መራራ ልቅሶ አለቀሱ። ከዚያም በማኅበሩ ውስጥ ካህን እንዳይኖር ወሰኑ። ማስተማር ወደ ሌላ ማዕረግ መሸጋገሪያ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሙሉ ጥሪ እንዲሆን ፈለጉ።

ለደከሙትና ለታመሙት መምህራን ከፓሪስ ውጭ በቮዥራር ቤት ተከራዩ። በዚያ ማረፍና መጸለይ፣ ኃይላቸውንም ማደስ እንዲችሉ አደረጉ። ኖቬምበር 21 ቀን 1691፣ በምዕራባውያን ዘንድ የእመቤታችን ወደ ቤተ መቅደስ መግባት በሚታሰብበት ዕለት፣ እርሳቸውና ሁለት ወንድሞች በምስጢር ስእለት ገቡ። እኛ ይህን በዓል ታኅሣሥ 3 ቀን በዓታ ለማርያም ብለን እንደምናከብረው ይታወቃል። ስእለታቸውም ሦስቱ ብቻቸውን ቢቀሩ፣ በደረቅ እንጀራ መኖር ወይም መለመን ግድ ቢሆንባቸውም እንኳን ሥራውን እንዳይተዉ ነበር።

ከሁለቱ አንደኛው ኒኮላ ቩያር ከዓመታት በኋላ ከማኅበሩ ተለየ። ሁለተኛው ገብርኤል ድሮላን ግን በ1702 ወደ ሮም ተላከ። በባዕድ ከተማ፣ ቋንቋውን ሳያውቅ፣ ገንዘብ ሳይኖረው፣ ለብዙ ዘመን ብቻውን የድሆችን ልጆች ሲያስተምር ኖረ። ደ ላሳል በደብዳቤ ያጽናኑት ነበር፤ በአካል ግን ዳግመኛ አልተገናኙም። ድሮላን ወደ አገሩ የተመለሰው ከ26 ዓመታት በኋላ፣ በ1728 ነው። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በሥራ ብዙ ዘመን ያገለገሉትን መምህራን ሲያከብሩ፣ የዚህን ሰው ዓይነት ጽናት እንደሚያከብሩ ልንቆጥር እንችላለን።

ክስና ስደት

በፓሪስ ሌላ ፈተና ተነሣ። በከተማው ጽሕፈት የማስተማር መብት ያላቸው የጽሕፈት መምህራን ማኅበር ነበራቸው፤ እነርሱም የሚያስተምሩት በክፍያ ነበር። የደ ላሳል ትምህርት ቤቶች ግን ከማንም ልጅ ገንዘብ አይቀበሉም ነበር። ድሃ መሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያመጣውን ብቻ መርጠው ማስተማርም አልፈለጉም። ልጅን በድህነቱ ምልክት አድርጎ ከጓደኞቹ መለየት አልወደዱምና። የጽሕፈት መምህራኑ ደጋግመው ከሰሷቸው፤ በ1704ም የትምህርት ቤቱን ዕቃ እስከ ማስያዝ ደረሱ። ደ ላሳል የሥራውን ማዕከል ወደ ሩዋን አዛወሩ፤ በዚያም ሴን ዮን በተባለ ስፍራ ከ1705 ጀምሮ ማሠልጠኛና አዳሪ ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

የወዳጆች ወቀሳና የባለ ሥልጣናት ጥርጣሬ ግን አልተቋረጠም። ከ1712 በኋላ ደ ላሳል ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሄደው ከፓሪስ ራቁ። ለማኅበሩ እንቅፋት የሆንሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም ብለው አሰቡ። በግሬኖብል ከተማ በነበሩ ጊዜ አንድ መምህር ለሌላ ሥራ ሲሄድ በእርሱ ምትክ የትንንሾቹን ክፍል ተረክበው ፊደል አስቆጠሩ። የካቴድራል ካኖን የነበሩት፣ የነገረ መለኮት ዶክተሩ፣ ዕድሜያቸው ከ60 ካለፈ በኋላ በሕፃናት መካከል ቆመው አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እንደሚባለው ያለውን የፊደል ትምህርት አስተማሩ።

ኤፕሪል 1 ቀን 1714፣ በትንሣኤ ዕለት፣ በፓሪስ ያሉት ዋና ዋና ወንድሞች ደብዳቤ ጻፉላቸው። ልመና ብቻ አልነበረም፤ ለማኅበሩ በገቡት የመታዘዝ ስእለት መሠረት ተመልሰው አመራሩን እንዲይዙ አዘዟቸው። ቀድሞ ከአሽከር በታች ይታዩ የነበሩት መምህራን ዛሬ መሥራቻቸውን ሊያዙ ደፈሩ፤ መሥራቹም ታዘዙ። በነሐሴው ወር፣ ኦገስት 10 ቀን፣ ፓሪስ ደርሰው በወንድሞች ፊት ቆሙ። የመምህራን ክብር በዚህ ዕለት ምን ያህል ከፍ እንዳለ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ነገር አናገኝም።

በዕለተ ስቅለት

በ1717 ወንድሞች ተሰብስበው ከመካከላቸው ወንድም በርተሎሜዎስን አለቃ አድርገው መረጡ። ደ ላሳል ከዚያ በኋላ በሴን ዮን እንደ ማንኛውም ወንድም በመታዘዝ ኖሩ። ለመምህራን የጸሎትና የማሰላሰያ ጽሑፎችን ትተዋል። በእነዚህም ውስጥ የመምህር እውነተኛ ዋጋ ያስተማራቸው ልጆች ራሳቸው እንደሆኑ፣ በሰማይም ፊት ለፊት የሚያያቸው ደስታው እነርሱ እንደሚሆኑ ይገልጻሉ።

የመጨረሻው ጽዋ መራራ ነበር። ከአጥቢያው ቄስ ጋር በተነሣ አለመግባባት፣ ሊያርፉ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው የሀገረ ስብከቱ ባለ ሥልጣናት የክህነት አገልግሎት ፈቃዳቸውን አነሡባቸው። ደ ላሳል አልተከራከሩም። ኤፕሪል 7 ቀን 1719፣ በስቅለት ዓርብ ማለዳ፣ በወንድሞች መካከል አረፉ። ዕድሜያቸው 67 ዓመት ከ11 ወር ነበር። ያን ጊዜ 100 ያህል ወንድሞች ከ20 በላይ በሆኑ ከተሞች ያስተምሩ ነበር።

ማኅበሩ በሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 13ኛ የጸደቀው ከስድስት ዓመታት በኋላ፣ በ1725 ነው። የፈረንሳይ አብዮት በ1792 በተነው፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን እንደገና ተነሣ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ደ ላሳልን በ1900 ቅዱስ ብላ ሰየመች። በ1950 ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ የመምህራን ሁሉ ጠባቂ አድርገው አወጁ። በ1967ም ከወንድሞች አንዱ የሆኑት ቤኒልድ በቅድስና ተሰየሙ። ቤኒልድ ሶግ በተባለች ትንሽ የገጠር ከተማ 20 ዓመት ያህል ትምህርት ቤት ሲመሩና ሲያስተምሩ ኖረው በ1862 ያረፉ ሰው ናቸው። ተአምረኛ ሰባኪ ወይም ሰማዕት አልነበሩም፤ የዕለት ተዕለት ሥራቸውን በትጋት የፈጸሙ መምህር እንጂ።

የወንድሞች ሥራ ወደ አገራችንም ደርሷል። በ1959 ወደ አዲስ አበባ መጥተው የቅዱስ ዮሴፍን ትምህርት ቤት መሠረቱ፤ በአዳማም እንዲሁ በዚሁ ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት አላቸው። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ከተማሩት መካከል የተዋሕዶ እምነት ተከታይ ቤተሰቦች ልጆች ብዙዎች እንደሆኑ ይታወቃል። የሃይማኖት ልዩነት እንዳለ ሆኖ፣ ፊደል ያስቆጠረን መምህር ማክበር ግን የሁላችንም የጋራ ልማድ ነው። የእኛ አባቶች የኔታን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ይነሡ፣ ጉልበታቸውንም ይስሙ ነበር። የቆሎ ተማሪው ለምኖ ያመጣውን ቁራሽ ከመምህሩ ጋር ይካፈል ነበር።

እንግዲህ ከደ ላሳል ሕይወት የምንማረው ምንድን ነው? አስቀድመን፣ መምህር የሚከበረው በዓመት አንድ ቀን በሚሰጥ የምስክር ወረቀት ብቻ አለመሆኑን እንማራለን። ደ ላሳል መምህራንን ያከበሩት በማዕዳቸው አስቀምጠው፣ ችግራቸውን ተካፍለው፣ ምክራቸውን ሰምተው፣ በመጨረሻም ትእዛዛቸውን ተቀብለው ነው። ሁለተኛም፣ ልጆቻችንን ስንሸልም የምንመለከተው ደረጃቸውን ብቻ መሆን እንደሌለበት እንማራለን። ከክፍሉ አንደኛ የወጣው ልጅ ይመስገን፤ ነገር ግን ወተት አልቦ፣ ውሃ ቀድቶ፣ ታናሹን አዝሎ፣ ከዚያም በሰዓቱ ከትምህርት ቤት የደረሰው ልጅ ከእርሱ ያነሰ ምስጋና አይገባውም።

በዚህ የፋሲካ ሰሞን ቤተሰብ ሁሉ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ሲሰበሰብ፣ ልጆቻችንን ያስተማሩ ሽማግሌ መምህራን በሠፈራችን ሳይኖሩ አይቀሩም። ጡረታ ወጥተው በብቸኝነት የተቀመጡም ይኖራሉ። ጾሙ በተፈታበት ዶሮ ወጥና ድፎ ዳቦ ላይ እነርሱን መጥራት፣ ልጆቹንም ወስዶ ጉልበታቸውን ማስሳም ትልቅ ሽልማት ነው ብለን እናምናለን። በዓሉ የሰላም፣ የፍቅርና የመተሳሰብ ይሁንልን።